ባዶ ሙዳይ

ኢንስፔክተር አካለ ወልድ ስልኩ ሲጠራ ደብረ ማርቆስ ቤቱ ተቀምጦ ጉልበቱን በቅባት ያሽ ነበር። «ግራር አምባ ላይ ሰው ተገድሏል» አሉት። በረጅሙ የተነፈሰው ስለ ሟቹ ሳይሆን ስለ መንገዱ ነው፤ ከአማኑኤል ከተማ ወዲያ መኪናው ሰውን የሚሸከም ሳይሆን የሚንጥ ነው።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መርምሯል። በእነዚህ ዓመታት ሬሳ አልሰለቸውም፤ የሰለቸው የሕያዋኑ መልስ ነው። «ከሟቹ ጋር እንዴት ነበራችሁ?» ሲል «ደህና ነበርን» ይሉታል። «ተጣልታችሁ ነበር?» ሲል «ኧረ በማርያም፣ ምን ሲደረግ!» ይሉታል። ጎጃም ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች በድንበር እየተካሰሱ እንኳ «እንዴት ነህ?» ተብለው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና» ይላሉ። ይህን ጨዋነት ሲልጥ ዕድሜው አለቀ።

ኅዳር አሥራ ዘጠኝ ቀን ሁለት ሺህ ሁለት ዓ.ም. ረፋዱ ላይ ከእማሆይ ወለተ ሐዋርያት ግቢ ደረሰ። እማሆይ ሰባ ዓመት ያለፋቸው መነኩሴ ናቸው፤ የግቢያቸውን ሦስት ክፍሎች ለአንድ የጥናት ቡድን አከራይተዋል። የቡድኑ መሪ አቶ ፍቅረ ሥላሴ በሥራ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ከኋላው ተመትቷል። ወለሉ ላይ ጫፉ ብረት የለበሰ ረጅም ዱላ ወድቋል።

የግራር አምባ ፖሊስ ኃላፊ ሳጅን አለበል ደረቱን ነፍቶ ጠበቀው።

«ገዳዩ ተይዟል ጌታዬ። ዱላው የደምለው ነው፣ የግቢው ዘበኛ። ባለፈው ሳምንት በሰው ፊት ‹ባቄላህን ሰብስበህ ካልሄድክ አንተም እኔም አንተርፍም› ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ነገ ከሰዓት መኪና ስለሚመጣ ወደ ማርቆስ እንልከዋለን።»

«ምን ባቄላ?»

ሳጅን አለበል ወደ ጠረጴዛው ጠቆመ። በወረቀቶቹ መካከል በቀይና በአረንጓዴ ሰንበሌጥ የተሰፋች ክዳን ያላት ትንሽ ሙዳይ ነበረች። አካለ ወልድ ከፈታት። አምስት ፍሬ ባቄላ አገኘ።

*

ደምለው አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ግቢውን እየጠበቀ አንድ ቁራጭ መሬት የሚያርስ ሰው ነው። ከጣቢያው ጠባብ ክፍል ጥግ ይዞ ተቀምጦ ነበር።

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ከበር።»

«በሩስ?»

«ዝግ።»

አካለ ወልድ የሰውየውን እጅ አየ። የግራ ጣቶቹ በስለት ተጫጭረዋል፤ የጋቢው ዘርፍ ላይ የጤፍ ነዶ ስባሪ ተሰክቶ ቀርቷል።

«እማሆይ ደጃፍ ጤፍ ይበቅላል እንዴ?»

ደምለው አንገቱን ደፋ። «ዘበኝነቱን ጥሎ ሄደ እንዳልባል ነው የዋሸሁት፣ ጌታዬ። እማሆይ በጾሙ ቅዳሴው ከሰዓት ነውና በስምንት ሰዓት ወጡ። እኔም ማጭዴን ይዤ ወደ ማሳዬ ወረድኩ። በሩ መቀርቀሪያው ከውስጥ ብቻ ስለሆነ ክፍቱን ተውኩት። ዱላዬን ከዘበኛ ጎጆዬ አስደገፍኩ፤ ማጭድ ለያዘ ሰው ዱላ ምን ያደርግለታል? ዘጠኝ ተኩል ላይ ተመልሼ ዘጋሁ። ዱላው አልነበረም። ልጆች ወሰዱት ብዬ ተውኩት።»

«ክፍት መተውህን ለማን ነገርክ?»

«ለማን እነግራለሁ? አሁን ለእርስዎ መንገሬ ነው። እማሆይ እንኳ በአሥር ሰዓት ከቅዳሴ ሲመለሱ እኔው ነኝ የከፈትኩላቸው። ከዚያ ገብተው ጮኹ።» ወደ መስኮቷ ቀና አለ። «ጌታዬ፣ ጤፌ ግማሹ ታጭዶ መሬት ላይ ተኝቷል። ሰማዩ ደመና ይዟል። እሱ ከረጠበ ለዓመት የምንቀምሰው የለንም። የነፍሰ ገዳይ እርሻ ደግሞ ማንም ገብቶ አይከምርም።»

«ሚስትህስ?»

«የስድስት ቀን አራስ ናት።»

አካለ ወልድ በመስኮቷ አሻግሮ ሰማዩን አየ። ኅዳር ውስጥ እንዲህ ያለ ደመና ልማዱ አልነበረም።

*

ከቡድኑ ሦስት መረጃ ሰብሳቢዎች አስቀድሞ የኋላሸትን አነጋገረ። የዚያው አገር ገበሬ ልጅ ነው፤ ንግግሩ ቁጡ ነው።

«ከሟቹ ጋር ትጨቃጨቅ ነበር ይባላል።»

«እንዴታ! በመለኪያው ነዋ። ጥናታችን ገበሬው ስለ ተራራው መከለል ያለው አመለካከት ነው፤ ከብት እንዳይወጣ ተከልክሏል አይደል? መጀመሪያ ‹በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ መካከለኛ፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም› የሚሉ አምስት ደረጃዎች ነበሩን። ታዲያ ከመቶ ሰው ዘጠና አራቱ ‹በጣም እስማማለሁ› አለ። እኔ ‹አለቀ፣ ሕዝቡ ደስ ብሎታል› አልኩ። እሱ ‹ይህ ደስታ ሳይሆን እንግዳን ማክበር ነው› ብሎ ሁሉንም ጣለው። የወር ልፋታችን ገደል ገባ።»

«ከዚያስ ሙዳይ አመጣ?»

«አዎ። አሁን ጠያቂው ዐረፍተ ነገሩን አንብቦ ጀርባውን ያዞራል። ገበሬው የልቡን ያህል ባቄላ ሙዳዩ ውስጥ ጥሎ ክዳኑን ይዘጋል። ሙሉ በሙሉ ከተስማማ አምስት፣ ፈጽሞ ካልተስማማ ባዶ። መጀመሪያ ጣሳ ነበር፤ ግን ባቄላው ሲወድቅ ‹ቀጭ› ሲል ሰውየው ‹ይቆጥሩብኛል› ብሎ አሁንም አምስት ይጥላል። ሙዳይ ድምፅ የለውም። ፍሬውም አሥር ነበር፤ አሥር ሲሆን ሰው ይቆጥራል እንጂ አይመዝንም ብሎ አምስት አደረገው።» የኋላሸት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልክ ነበር፣ ጋሼ። ተናድጄበት ነበር እንጂ ልክ ነበር።»

የኋላሸት ትናንት ከሰዓት የሠራው ቀይ አፈር በምትባል ጎጥ ነው። ሁለተኛዋ መቅደላዊት ከደብረ ኤልያስ የመጣች የቄስ ልጅ ናት፤ እሷም ሌላ ጎጥ ውላ ነበር። ዓይኗ አብጧል።

«ጠላት ነበረው?»

«የተበላሸ ሥራ ብቻ ነበር የሚጠላው፤ ሥራውን ብቻ ነበር የሚወደው። ትናንት ጠዋት የሦስት ቀን ወረቀታችንን ሰብስቦ ሲቆጥር ነበር። ‹መቅደላዊት፣ አንቺስ ሳታውቂው ታውቂዋለሽ› አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።»

ሦስተኛው ሙላት ነው። ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ፣ ልብሱም አንደበቱም የተተኮሰ ወጣት። ኢንስፔክተሩ ሲገባ ብድግ ብሎ ወንበር ሳበለት።

«እኔ ዋሻ ምንጭ ነበርኩ፣ ከዚህ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ስምንት ቤት ጠይቄ በአሥራ ሁለት ሰዓት ስመለስ ሰው ተሰብስቦ አገኘሁ። ወረቀቶቹ እነዚህ ናቸው፤ ቀንና ሰዓት ተጽፎባቸዋል።»

«የጠየቅካቸው ሰዎች ስም የለም?»

«ስም አንጽፍም። በነፃነት እንዲመልሱ ቃል ገብተንላቸዋል።» ከዚያ ወደ ፊት ዘንበል አለ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልበል? ደምለው ምስኪን ነው። አፉ ነው እንጂ ሰው አይገድልም። በሩ እንደሆነ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር፤ ከመንገድ የመጣ ማንም ዘው ብሎ ሊገባ ይችላል።»

አካለ ወልድ «ደግ ልጅ ነህ» አለውና በማስታወሻው ላይ አንዲት መስመር ጻፈ። ከመውጣቱ በፊት የሦስቱንም ሙዳይ ተረከበ።

*

ኅዳር ሃያ ማለዳ ላይ ሟቹ ይሠራበት በነበረው ክፍል ብቻውን ተቀመጠ። ከአቶ ፍቅረ ሥላሴ ደብተር ውስጥ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አገኘ።

«የኋላሸት፦ የለም። መቅደላዊት፦ የለም። ሙላት፦ አርባ አንድ። እማሆይ እንዳሉት ነው!»

አርባ አንድ ምን? ወረቀቶቹን አገላበጠ። የሦስቱም ሥራ ከሩቅ ሲታይ አንድ ነው፤ በየወረቀቱ አሥር ዐረፍተ ነገር፣ በየዐረፍተ ነገሩ የባቄላው ቁጥር። ዓይኑ ደከመ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገውና መልሶ አደረገው። ሙዳዮቹን ከፈተ፤ የየኋላሸት ባቄላ ወዝ ጠጥቶ ጠቁሯል፣ የመቅደላዊትም እንዲሁ። የሙላት ባቄላ ግን ትናንት ከገበያ የተገዛ ያህል ያብረቀርቃል።

እማሆይ ዳዊታቸውን አጥፈው ሊጠይቁት መጡ። «ልጄ፣ ቁርስ አልቀመስክም እኮ።»

«እማሆይ፣ ፍቅረ ሥላሴ ትናንት ወዲያ አንድ ነገር ጠይቆዎት ነበር?»

«እንደ ልማዱ ይችን ሙዳይ ይዞ ነዋ።»

«እስቲ እኔም ልጠይቅዎ።» አምስቱን ባቄላ በመዳፋቸው አስቀመጠና ጀርባውን አዞረ። «‹ፍቅረ ሥላሴ መልካም ሰው ነበር።›»

ሙዳዩን ሲመልሱለት አምስት ፍሬ ነበረበት። እማሆይ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«አሁን ደግሞ ‹የገደለው ደምለው ነው።›»

ጥቂት ቆይተው መለሱለት። ክዳኑን ሲከፍት አንድ ፍሬ አገኘ።

«እማሆይ፣ በአንድ ፍሬ ያህልስ እሱ ነው ብለው ይጠረጥራሉ ማለት ነው?»

«እኔ? በአምላኬ ስም! ምን ሲደረግ! ሃያ ዓመት የማውቀው ሰው፣ ፈጽሞ እሱ አይደለም!»

«ታዲያ አንዷን ለምን ጣሉ?»

እማሆይ ሕፃን እንደሚያዩ ተመለከቱት። «ወይ ልጄ! የሰው ሙዳይ ባዶውን ይመለሳል እንዴ? ጎረቤት እንኳ ዕቃ ሲልክልህ ቆንጥረህ አንድ ነገር ጣል አድርገህ ነው የምትመልሰው። ባዶ መስጠት ነውር አይደለም? ያም ልጅ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህንኑ ስነግረው እጄን ስሞ እየሳቀ ወጣ።»

አካለ ወልድ አልሳቀም። ወደ ወረቀቶቹ ተመልሶ አሁን አንድ ቁጥር ብቻ ፈለገ። ሲጨርስ ጉልበቱን ይዞ ተነሣ፤ በሩ ላይ ቆሞ ሰማዩን አየ። ደመናው ወደ ሸለቆው ወርዷል።

«ሳጅን! ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰብስብልኝ። ደምለውንም ፈትተህ አምጣው። ቶሎ በል።»

*

በስድስት ሰዓት ሁሉም ተሰበሰበ። አካለ ወልድ ሦስቱን ሙዳዮች በርጩማ ላይ ደርድሮ ከግድግዳው ተደገፈ።

«በአጭሩ ልናገር፤ የሚቸኩል ሰው አለ» ሲል ደምለውን በዓይኑ አሳየ። «ሳጅን አለበል ዱላውንና ዛቻውን ይዟል። ዱላው ግን የተወሰደው ባለቤቱ በሌለበት ነው። ደምለው ከስምንት እስከ ዘጠኝ ተኩል ጤፉን ሲያጭድ ነበር፤ እጁም ልብሱም መስክሮለታል። በዚያ ሰዓት ውስጥ በሩ ክፍት ነበር። ከዚያ በፊትም በኋላም ዝግ ነው። እማሆይ፣ ሲመለሱ በሩ እንዴት ነበር?»

«ዝግ። ደምለው ነው የከፈተልኝ።»

«ደምለውም በሩን ክፍት መተዉን ሸሽጎ፣ ከእኔ በቀር ለማንም አልነገረም። ታዲያ ከመካከላችሁ አንዱ በዚያ ከሰዓት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ እንደነበር ነግሮኛል። ለደምለው አዝኖ ነው የነገረኝ። ከሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ሳለ በሩን እንዴት አየው?»

ሙላት ፈገግ አለ። «እኔን ከሆነ፣ በግምት ነው የተናገርኩት ጋሼ። ስምንት ቤት መጠየቄን ወረቀቴ ይመሰክራል።»

«ወረቀትህ ነው የመሰከረብህ።» አካለ ወልድ የሟቹን ብጣሽ አነበበላቸው። «ይህ አርባ አንድ ምን እንደሆነ ጠፍቶኝ ቆየ። የዜሮ ቁጥር ነው። በሦስት ቀን ወረቀቶችህ አርባ አንድ ባዶ ሙዳይ አለ፤ በትናንት ወዲያዎቹ ስምንት ወረቀቶች ደግሞ አሥራ አንድ። በየኋላሸትና በመቅደላዊት ወረቀት ላይ አንድም ዜሮ የለም። ትንሹ ቁጥር አንድ ነው።»

«ዋሻ ምንጮች ተራራው ሲከለል የባሰ ተጎድተዋል። ጠልተውት ዜሮ ቢሰጡ እኔ ምን ላድርግ?»

«ደምለው፣ ተራራው በመከለሉ ምን ይሰማሃል?»

«ሁለት በሬዬን ሸጬበታለሁ ጌታዬ። ጥላቻዬ ልክ የለውም። በሟቹም ላይ የዛትኩት በዚሁ ተናድጄ ነው።»

«ሲጠይቁህ ስንት ጣልክ?»

«አንድ።»

«ለምን ባዶ አልመለስክም?»

ደምለውን ጥያቄው ግራ አጋባው። «የሰው ሙዳይ እንዴት ባዶውን ይመለሳል?»

መቅደላዊት እጇን በአፏ ላይ ጫነች። የኋላሸት ግንባሩን መታ። «አምላኬ! አንድም ዜሮ አላገኘሁም እኮ! ለምን ብዬ ጠይቄም አላውቅ።»

«አንተማ እናትህ ቤት ስታየው ስላደግክ አይታይህም» አለ አካለ ወልድ። «ሟቹ ከእማሆይ ተማረው። በዚህ አገር አንድ ማለት ዜሮ ነው፤ ጨዋነት የተጨመረበት ዜሮ። ባዶ ሙዳይ የሚያስበው ገበሬውን ወረቀት ላይ ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። ባቄላህም ይኸው፣ ሙላት፤ የእነዚህ ባቄላ የሃምሳ ገበሬ እጅ አልፎበት ጠቁሯል፤ ያንተ ግን የሰው ወዝ አልነካውም። ዋሻ ምንጭ አልሄድክም። በሦስቱም ቀን አልሄድክም። ትናንት ወዲያ ከሰዓት እዚህ ነበርክ።»

ሙላት ቀስ ብሎ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። የተተኮሰ አንደበቱ ተጨማደደ።

«በጣም የጠላ ሰው ዜሮ ይሰጣል ብዬ ነው» አለ። «ሌላ ምን ይሰጣል? ትክክለኛ እንዲመስል ተጨንቄ ነበር የሞላሁት።»

«ለምን አልሄድክም?» አለችው መቅደላዊት፤ እያለቀሰች ነበር።

«ደከመኛ! ገደል ወጥቼ ገደል ወርጄ፣ ያው ‹ደህና ነው›፣ ያው ‹እግዚአብሔር ይመስገን›። ፍቅረ ሥላሴ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚጽፍልኝ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነበር የቀረኝ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ብቻህን ና አለኝ። በሰው ፊት እንዳላዋርድህ ነው አለ። እንደገና ሄጄ ልሥራ ብዬ ለመንኩት። ‹ልጽፍልህ አልችልም፤ ያልተናገሩትን አናግረሃቸዋል› ብሎ ፊቱን ወደ ወረቀቱ መለሰ። ወጣሁ፤ ዱላው ከጎጆው ተደግፎ ነበር። ከዚያ… ጀርባውን እንደሰጠኝ ነበር።»

ሳጅን አለበል ካቴናውን አወጣ። አካለ ወልድ አዘነ፤ ለሟቹ አዘነ፣ ለልጁም ጥቂት አዘነ። ሰውየው ያንን ልጅ በአደባባይ አሳፍሮት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቆሞ ይሄድ ነበር።

የበረንዳው ቆርቆሮ አንዴ «ጠብ» አለ። ቀጥሎ መላው ጣራ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ያለ ወራቱ የመጣ፣ እንደ ሐምሌ የወፈረ ዝናብ ነበር። ደምለው አንድ እርምጃ ወደ ደረጃው ተራመደና ቆመ። የታጨደው ጤፍ ወዳለበት ቁልቁለት አየ፤ ከዝናቡ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ሁለት ቀን ባይታሰር ኖሮ ለመከመር ግማሽ ቀን ብቻ ይበቃው ነበር።

«ነፃ ነህ፣ ደምለው» አለው አካለ ወልድ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ለራሱም ቀለለበት። «ስለ ሆነው ሁሉ… ይቅርታ አድርግልን።»

«ኧረ ምንም አይደል፣ ጌታዬ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደህና ነው።»

ደህና ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሰማው መልስ እንደገና መጣበት። አካለ ወልድ የሟቹን ሙዳይ አነሣ፤ አምስቱን ፍሬ በደምለው መዳፍ ላይ አኖረ።

«እውነቱን ንገረኝ። ‹ከመንግሥት ፍትሕ አግኝቻለሁ።›»

ጀርባውን አዞረና ዝናቡን እያየ ጠበቀ። ብዙ ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ሙዳዩ ክዳኑ ተገጥሞ ከጎኑ ቀረበለት፤ በሁለት እጅ፣ እንደ ወጉ። ደምለው ጋቢውን በራሱ ላይ አድርጎ ወደ ማሳው ቁልቁል ሮጠ።

ኢንስፔክተሩ ክዳኑን ከፈተ። ከታች አንድ ፍሬ ባቄላ ነበረች። ከፍቶ አያት፣ ዘግቶ ቆየ፣ ከዚያም ለሳጅን አለበል ሳያሳየው ፍሬዋን በኪሱ ከተታት።